«ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን ስቲከር ከመኪናዬ ልላጠው ወይስ ይቆይ?

የጣርማበሩ ሾፌር

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ይቅርታ። ቡና ያፈላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ሚኒባስ እነዳለሁ። 11 ዓመት ሆነኝ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከብርዱ ትነሳለህ፣ ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ትገባለህ፣ ዋሻውን ታልፋለህ፣ ደብረ ሲናን ይዘህ ቁልቁል ነው፣ ሮቢት ስትደርስ ሹራብህን አውልቀህ ላብህን ትጠርጋለህ። ከ2,800 ሜትር ተነስተህ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ መውረድ ነው። ጓደኞቼ በቀን አንድ ደርሶ መልስ ይበቃናል ይላሉ። እኔ ሁለት። አንዳንዴ ሌሊት ኮንትራት እጨምርበታለሁ። ለምን? የበኩር ልጅ ነኛ! የወንድሜ ኮሌጅ፣ የእናቴ የስኳር መድኃኒት፣ የገጠሩ ቤት ቆርቆሮ፣ የዘመድ ሰርግ፣ የዘመድ ለቅሶ፣ ሁሉም እኔው ጋ ነው የሚመጣው። እንቅልፍ ሲጫነኝ ጫት አለ። ጫቱ ሲያደርቀኝ ቡና አለ። መስታወቴ ላይ ደግሞ በቢጫ «ሁሉን እችላለሁ» የሚል አስለጥፌያለሁ።

አምና ጥቅምት ዋሻው መሃል ላይ ልቤ መምታት ጀመረች። መምታት ስል መደብደብ ነው። እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ በቃ ሞትኩ አልኩ። ከኋላዬ 12 ሰው አለ። እንደምንም ወጥቼ ዳር አቆምኩ። ተሳፋሪው ሞተር የሞቀ መስሎት ወረደ። እኔም «አዎ ሞተሩ ነው» አልኳቸው። ኮፈኑን ከፍቼ ውሃ የምጨምር መስዬ ቆምኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ ምርመራ። ልብ፣ ደም፣ እንቅርት፣ ምን የቀረ አለ። «ደህና ነህ።» አንዱ ጋ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ ቫይታሚን ጽፎ ሸኘኝ። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄጄ ሁለት ሳምንት ጠበል ተጠመቅሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ያገኘሁት እዚያ ነው። ሲብስብኝ የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ሳይኮሎጂስት ጋ ወሰደኝ። ሴትየዋ ብዙ አላወራችም። «ዳግም እንዳይመጣብህ ስትጠብቅ ነው የምትውለው። ቢመጣስ? ቢመጣም ባይመጣም መሥራት የምትፈልገው ምንድነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለማሳጠር፣ አሁን ሌሊት አልነዳም። ጫት ትቻለሁ። ለዘመድ ሦስት ጊዜ «አልችልም» ብያለሁ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያው። የሚገርመው ሕይወቴ ሕይወት የመሰለኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ከዚህ በፊት የማውቃት ተኝታ ነበር። የመጀመሪያ ሰሞን ማታ ቤት ስታየኝ «ዛሬ እዚህ ነው የምታድረው?» አለችኝ፣ እንደ እንግዳ።

ግን አጎቴ ባለፈው በሰው ፊት «እምነትህ ቀንሷል፣ እንግዲህ ስቲከሩን ላጠው» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ወጋኝ። አቅምን ማወቅ የእምነት ማነስ ነው እንዴ?

ጥቁር ገብስ

አትላጠው። ሙጫው መስታወቱ ላይ ይቀርና ጉም ሲመጣ ምንም አታይም። ከልምድ ነው።

አንኮበሬ

ወንድሜ በመትረፍህ ደስ ብሎኛል። ግን ልጠይቅ። አባቶቻችን «አቅሜ ይህችው ናት» ቢሉ ኖሮ ዛሬ ምን ይኖረን ነበር? ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የኛው የቡልጋ ሰው ናቸው። ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው ተቆረጠ። «በቃኝ፣ አቅሜ ነው» ብለው ተቀመጡ? አልተቀመጡም። በዚህ ዘመን ግን ትንሽ ሲከብደን ሳይኮሎጂስት ጋ ሄደን የስንፍና ፈቃድ እናስጽፋለን። አንተን አይደለም፣ ዘመኑን ነው የምለው።

ስም ይቆየን (ዲያቆን)

አንኮበሬ፣ ጻድቁን ስላነሳህልኝ አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም እኔም እሳቸውን ነው ላነሳ የመጣሁት።

ጥር 24 «ሰባረ አጽሙ» ብለን የምናከብረው ምኑን ነው? የእግራቸውን መሰበር ነው እኮ። ቤተ ክርስቲያን ለተሰበረ አጥንት በዓል ሠራችለት። ገድላቸው እንደሚለው ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በአንድ እግር ቆሙ። ሁለተኛው አልበቀለላቸውም። በቀረው ነው የቀጠሉት። ሥዕላቸውን እያት፣ ሠዓሊው የተቆረጠውን እግር አይደብቀውም፣ አጠገባቸው ያስቀምጠዋል። ደግሞ ይህ የአንድ ጻድቅ ተጋድሎ እንጂ ለምእመን ሁሉ የተደነገገ ሕግ አይደለም። ለምእመኑ ያለው ሥርዓት ሌላ ነው። የንስሐ አባት ቀኖና የሚሰጠው እንደ ሰውየው አቅም ነው። የታመመ ሰው በንስሐ አባቱ ፈቃድ ከጾም ያርፋል። በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ጤነኛውም አይጾምም፣ አይሰግድም። ሃምሳ ቀን ሙሉ! ልጹም ብትል የሚቆጣህ ቄሱ ነው።

ወደ ስቲከሩ ስንመጣ፣ ሾፌራችን ሳትናደድብኝ፣ ጥቅሱን ግማሹን ነው የለጠፍከው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ያን የጻፈው ታስሮ ነው። ከፊቱ ያለውን ቁጥር አንብበው። መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን ተምሬአለሁ ይላል። ከዚያ ነው «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለው። «እችላለሁ» ያለው መጉደሉንም ጭምር ነው። የታሰረ ሰው ሰንሰለቱን በጠስኩ አላለም። የሥጋው መውጊያ እንዲወጣለትም ሦስት ጊዜ ለምኖ የተመለሰለት «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው።

ኤልያስንም አስታውሱ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሴን ውሰዳት ሲል እግዚአብሔር አልገሠጸውም። አስተኛው። እንጎቻና ውሃ ላከለት። ደግሞ አስተኛው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍና እህል!

አማርኛችንም ቢሆን ይህን ያውቃል። እንግዳ እንቀበላለን፣ መከራ እንቀበላለን፣ ቅዱስ ቁርባን እንቀበላለን። አንድ ቃል ነው።

ጥቁር ገብስ

አማርኛውን ካነሳህ አይቀር «ልክህን እወቅ» ደግሞ ስድብ ነው 😄 ለዚህ ነው ማንም ልኩን ማወቅ የማይፈልገው።

ሲስተሯ

እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው የምሠራው። ሾፌሩ፣ ታሪክህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የገጠመህ ፓኒክ አታክ ይመስላል፣ ከሩቅ ሆኜ በሽታ አልሰይምም ግን። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይወርዳል። ያስፈራል እንጂ አይገድልም። እንቅልፍ ማጣት፣ ጫትና ቡና ሲደራረቡ ልብን እንዴት እንደሚያስሮጡ አንተው ጽፈኸዋል። አስቀድመህ ልብህንና እንቅርትህን መመርመርህ ትክክል ነው።

አሁን የሚቆረቁር ጥያቄ ልጠይቅህ። «አቅሜን አወቅሁ» ያልከው የቱን ነው? በዋሻው ማለፍ ትተሃል ወይስ ታልፋለህ? በሙያችን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ፍርሃት አቅም መስሎ ይቀርባል። ዛሬ ዋሻውን ትተዋለህ፣ ነገ ድልድዩን፣ ከዚያ ገበያውን፣ ከዚያ በር መክፈት። በየደረጃው «አቅሜ ነው፣ ተቀበልኩት» ትላለህ። ያ መቀበል ሳይሆን መሸሽ ነው። መድኃኒቱም ቀስ በቀስ ወደሚፈራው ነገር መመለስ ነው። የሰው እንቅልፍ ግን እውነተኛ ገደብ አለው፣ ማንም አይደራደርበትም። ቀኑም 24 ሰዓት ነው። እነዚህን ሁለቱን ያምታታ ሰው የሚችለውን ይተውና የማይችለውን ሲታገል ይኖራል።

«ተቀብሎ መሥራት» ላይ የቆመው ሕክምና አክሰፕታንስ ኤንድ ኮሚትመንት ቴራፒ ይባላል። ከጀማሪዎቹ አንዱ ስቲቨን ሄይስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ ራሱም ፓኒክ ያጠቃው የነበረ ሰው። ሴትየዋ የጠየቀችህ ጥያቄ ከዚያ ሰፈር ይመስለኛል።

የጣርማበሩ ሾፌር

ሲስተር እግዜር ይስጥሽ። ጥያቄሽ ቆረቆረኝ፣ እውነት ነው።

መጀመሪያ ሸሽቼ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ወደ አዲስ አበባ መስመር ብቻ ነው የሠራሁት። «አቅሜ ነው» እያልኩ። ሴትየዋ ናት የመለሰችኝ። የአውቶቡሱን ነገር ነገረችኝ። አውቶቡስ ትነዳለህ፣ ከኋላ ያሉት ይጮሁብሃል፣ ትሞታለህ፣ ትዋረዳለህ፣ ተመለስ ይሉሃል። ላውርዳቸው ብለህ ከቆምክ ጉዞው ቀረ። ዝም እንዲሉልህ ባሉህ በኩል ከታጠፍክ ደግሞ የሚነዱት እነሱ ናቸው። ይጩሁ፣ አንተ መሪውን ያዝ። ሾፌር መሆኔን ሰምታ ለኔ የፈጠረችው መስሎኝ ነበር፣ ለካ ለሁሉም የሚነገር ምሳሌ ነው! እኔማ «የኔ መኪና ረዳት አለው፣ ያወርዳቸዋል» ብያት ተሳስቀናል።

መጀመሪያ ባዶውን መኪና ይዤ ከረዳቴ ጋር ገባሁ። ወጣሁ። ዞሬ ገባሁ። አንድ ጠዋት ስድስት ጊዜ ተመላልሰናል። ቆሎ ሻጮቹ ዕቃ የጠፋብን መስሏቸው ነበር።

ከዚያ ሰው ጭኜ መሄድ ስጀምር አንድ ቀን መጣብኝ። ከዋሻው እንደወጣሁ አቆምኩና ይህን ጊዜ ሞተሩ ነው አላልኩም። «ልቤ ይመታል፣ አሥር ደቂቃ ስጡኝ፣ ያልፋል» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከኋላ አንድ እናት «አይዞህ ልጄ፣ እኔም እዚህ ስደርስ ዓይኔን ነው የምጨፍነው» አሉኝ። ትንሽ ቆዩና «አንተ ግን አትጨፍን» አሉ። መኪናው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

ስለዚህ ዋሻውን አልተውኩም። የተውኩት ሌሊቱን ነው። የቤተሰቡም ባንክ መሆን ትቻለሁ።

የማጀቴ ልጅ

አሰላሙ ዐለይኩም። አሁን የምኖረው ሮቢት ነው፣ ምናልባት በአንተ መኪና ሄጄ ይሆናል። በኛም ቁርኣን አል-በቀራ መጨረሻ ላይ «አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም» ይላል። ሶላት ቆሞ ነው የሚሰገደው። መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው በጎኑ ተኝቶ። አባባ ወገባቸውን ካመማቸው በኋላ ወንበር ላይ ሆነው ሲሰግዱ መጀመሪያ ያፍሩ ነበር። መስጊድ ትተው ቤት መስገድ ጀምረው ነበር። ኢማሙ ናቸው ወንበር ይዘው ቤት ድረስ የመጡት። ሌላ ምንም አላሉም፣ «ይህ የርስዎ ነው» ብለው ሰልፉ ጫፍ ላይ አስቀመጡላቸው። አሁን አባባ ከሁሉም ቀድመው ነው የሚደርሱት፣ ወንበሩ እንዳይወሰድባቸው።

ጥቁር ገብስ

እሺ አሁን ቀልዱን ልተው። እኔ መንዝ ነው ያደግሁት፣ የገበሬ ልጅ ነኝ።

አባቴ ከቤቱ በላይ ያለችውን ማሳ በየተወሰነ ዓመቱ ያሳርፋት ነበር። እኛ ልጆቹ እንናደዳለን። ጎረቤት ሁሉ ገብስ ሲዘራ የኛ መሬት ሣር አብቅሎ በግ ይበላበታል። «ምን ሆነች?» ስንለው «ጦም አድራለች» ይለን ነበር። መሬት ሳይታረስ ሲከርም ጦም አደረ ነው የሚባለው፣ ታውቁታላችሁ። የዚያን ጊዜ ቃሉን ልብ ብዬው አላውቅም። ትልቅ ሰው ሆኜ ከተማ ውስጥ ሁለት ሥራ ደርቤ ስወድቅ ነው የመጣብኝ። መሬትም ትጦማለች። የበግ ኩስና ሣሩ አፈሩን ይመልሱታል፣ በዓመቱ ሲዘራ ገብሱ ወገብ ይደርሳል።

የመንዙን የጓሳ ሣር መሬትም ተመልከቱ። ለ400 ዓመት ገደማ የቆየው በመከልከል ነው። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፣ ማጨድ የለም፣ ከብት ማስገባት የለም። ቀኑ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። በ1967 የመሬት አዋጅ የድሮው ሥርዓት ሲፈርስ ሣሩም ተጎዳ፣ በኋላ ሕዝቡ ራሱ ነው እንደገና ደንብ አውጥቶ የያዘው። ዛሬ ፈረንጅ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ የሚመጣው እዚያ ነው። «እዚህ ጋ ይበቃል» ያለ ሰው ስለነበረ ነው።

አንኮበሬ

ቆንጆ ጽሑፍ ነው፣ ግን አሁን ያለው ገበሬ ሁለት ጥማድ ነው ያለው! ሁለት ጥማድ ይዘህ የቱን ጦም ታሳድራለህ? ልጆቹ ናቸው ጦም የሚያድሩት። ይህን ነው እኮ የምላችሁ። ሾፌራችን መኪና አለው፣ ቢቀንስም ይበላል። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው «አቅሜን አወቅሁ» ብሎ ቢተኛ ማታ ምን ይበላል? የዲያቆኑን መልስ ተቀብያለሁ፣ ስለ ጻድቁ ተሳስቻለሁ። ይኼኛውን ግን አልተቀበልኩም።

ሲስተሯ

አንኮበሬ ልክ ነህ። በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። ቪክቶር ፍራንክል የሚባል የቪየና ሐኪም ነበር፣ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ የተረፈ፣ ሚስቱም ወላጆቹም ያለቁበት። ሰው በመከራም ውስጥ ትርጉም ያገኛል ያለው እሱ ነው። ሰዎች የሚረሱበት ነገር አለ። ሊወገድ የሚችል መከራ ከሆነ መጀመሪያ አስወግደው ይላል፣ ያለ አስፈላጊነቱ መሰቃየት ጀግንነት አይደለም ይላል። ስለዚህ የቀን ሠራተኛውን ረሃብ «ተቀበለው» የሚል ባለሙያ ካለ ሙያውን አያውቀውም። ክፍያው ነው መስተካከል ያለበት።

ሌላም ልጨምር። ጠበል ቦታ «ኪኒኑን ጣል» እየተባሉ ጥለው ሲብስባቸው እኛ ጋ የሚመጡ አሉ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። ለአእምሮ መድኃኒትም ያው ነው። ሐኪምም የራሱ ገደብ አለው፣ እኔ ልጸልይላችሁ አልችልም፣ ቄሱም የመድኃኒት መጠን አይለኩም።

ስም ይቆየን (ዲያቆን)

በዚህ እንስማማለን 🙏 ሾፌራችን፣ ስቲከሩን ሙሉ ጥቅስ አድርገህ አሠራው በቃ።

የጣርማበሩ ሾፌር

ጠየቅሁት እኮ ሠሪውን። «ያን ሁሉ ለመጻፍ መስታወቱ አይበቃም፣ ቢበቃም ትራፊክ ይቀጣሃል» አለኝ።

እታለም

ከደብረ ሲና ነኝ። ሁሉንም አነበብኩ፣ ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም።

ወንድም ጋሼ፣ በመዳንህ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን የምትሉትን ሳነብ አንድም ሰው ያልጠየቀውን ልጠይቅ። አንተ «አልችልም» ስትል ሥራው የት ሄደ? እናትህ ስኳር አለባቸው ብለሃል። መድኃኒታቸውን የሚገዛው፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው፣ እግራቸውን የሚያየው ማነው አሁን? እኔ አምስት ዓመት እናቴን አስታምሜያለሁ። ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ሁለቱም አቅማቸውን በደንብ ያውቃሉ። የኔን አቅም ግን ማንም ለክቶት አያውቅም። በኛ ቤት «አልችልም» የሚለው ቃል የሚሠራው ለወንድ ነው። ሴት ስትለው አመል ወጣባት ነው የሚባለው። እኅት አለችህ? ካለችህ ደውልላት። ከዚያ ተመልሰህ ጻፍልን።

የማጀቴ ልጅ

👏 ተናግረሽዋል።

አንኮበሬ

ይህ እንኳን ልክ ነው። እኔም እኅት አለችኝ። ልደውል መሰለኝ።

የጣርማበሩ ሾፌር

እታለም፣ አራት ቀን የጠፋሁት ለዚህ ነው።

ታናሽ እኅት አለችኝ፣ እናቴ ጋ ነው የምትኖረው። ስደውልላት መጀመሪያ ሳቀች። «ምን ሆነህ ነው፣ ሰክረሃል?» አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ። እኔ ሌሊት መሥራት ሳቆም መጀመሪያ የቀነስኩት ለቤት ሠራተኛዋ የምልከውን ብር ነበር። ትንሽ ብር ናት ብዬ። ልጅቷ ሄደች። እኅቴ ደግሞ የማታ ትምህርቷን አቆመች። ሁለት ወር ሆኗታል። ማንም አልነገረኝም። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «አንተ ታመሃል ብለን ነዋ» አለችኝ።

ብሩን ልመልስ አልኳት። አልፈለገችም። «ብር አይደለም የምፈልገው፣ ማክሰኞና ሐሙስ ና» አለችኝ። ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ነው።

ሐሙስ ሄድኩ። የእናቴን እግር ሳጥብ የመጀመሪያዬ ነው። ስኳር ያለበት ሰው እግር እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ተረከዟ እንደ ክረምት ጭቃ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ነው። ትንሿ ጣቷ ሥር ቁስል ጀምሯታል፣ እሷ አላወቀችም፣ አያማትም። ሲስተር፣ ምን ላድርግ?

ሲስተሯ

ቁስሉን ነገ ጠዋት ሐኪም ይየው፣ አታዘግየው። ነርቩ ስለደነዘዘ ነው የማያማቸው፣ ስለዚህ ዓይንህ ነው የሚያምላቸው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። በእጅህ ሳይሆን በክርንህ ለካው። እሳቸው ሙቀቱን አይለዩትም፣ ይቃጠላሉ። በጣቶቹ መሃል በደንብ አድርቅ። ቅባት ተረከዙ ላይ እንጂ ጣቶቹ መሃል አታድርግ። በባዶ እግራቸው አይሂዱ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን።

የጣርማበሩ ሾፌር

ጠዋት ወስጃታለሁ። ገና ላይ ላዩን ነው አሉ፣ ተመስገን። ማሰሪያ ሰጥተውናል፣ በሦስት ቀን ተመለሱ ብለዋል።

እናቴ ግን ሞቅ ያለ ውሃ ካልሆነ አልታጠብም ትላለች። «ይህ ውሃ ነው? ይህ ጤዛ ነው» ትለኛለች። ክርኔን ነክሬ ሳሳያት ልጄ አጠገባችን ቁጭ ብላ እሷም ክርኗን ትነክራለች።

እታለም

እኅትህስ?

የጣርማበሩ ሾፌር

ክፍል ገብታለች። የሁለት ወር ደብተር እየገለበጠች ነው። አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቁር ገብስ

ስቲከሩስ?

የጣርማበሩ ሾፌር

እዚያው ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ልሂድ።